ደጅ ጠናሁት

ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመዝገብ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ነበረ። አንድ እግሩ ስለሚያጥር ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ወትፈውበታል። ባለጉዳይ ሲቀመጥ ሲነሣ ካርቶኑ ይሾልካል፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ይመልሰዋል፤ ሲበጣጠስ ደግሞ የጽዳቷ ሴትዮ ሌላ ታመጣለች። እኔና አባባ በተመላለስንባቸው ወራት ካርቶኑ ሦስት ጊዜ ሲቀየር አይቻለሁ። የመጀመሪያው የፓስታ ነበር፤ የመጨረሻው የፎቶ ኮፒ ወረቀት።

ጉዳያችን ሲነገር ቀላል ነው። አባባ ጡረታ ሲወጡ ከአገልግሎታቸው ስድስት ዓመት ሳይቆጠር ቀረ። በወጣትነታቸው ሌላ ቦታ የሠሩበት ዘመን ነው። ስማቸው በዚያ መከረኛ ድምፅ ይጀምራል፤ አንዱ ጸሐፊ በሃሌታው ሀ ጽፎታል፣ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በብዙኃኑ ኀ። ሰውዬው አንድ ናቸው፤ መዝገብ ቤቱ ግን ሦስት ሰው አድርጎ ያውቃቸዋል። “አባቴ፣ እዚህ ላይ ያሉት ሰውዬ እኮ እርስዎ አይደሉም” አለቻቸው አንዷ ሠራተኛ፣ በትሕትና። አባባ እስከ ዛሬ ትዝ ባላቸው ቁጥር ይስቃሉ። ያን ቀን ግን አልሳቁም።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ጀምረን ግንቦት ደረስን። የምንሄደው ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር፤ የማርምበት መጽሔት ሰኞ ማታ ማተሚያ ቤት ስለሚገባ ማክሰኞ የኔ እፎይታ ነው። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሲስተም የለም። የመደርደሪያውን ቁልፍ የያዘው ልጅ ፈቃድ ወጥቷል። ነገ ይምጡ። ነገ ረቡዕ ስለሆነ እኔ አልችልም፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ።

አባባ ዳዊታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። በየቀኑ ለሚደግም ሰው ዳዊት ለሳምንቱ ተከፋፍሏል፤ የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ 150 ላይ ያልቃል። አሥር አሥሩ መዝሙር “ንጉሥ” ይባላል። ሌላ ጊዜ ጎሕ ሳይቀድ ቤታቸው የሚጨርሱትን፣ በእነዚያ ማክሰኞዎች ታክሲ ወረፋ እንዳያመልጠን በሌሊት ስለምንወጣ፣ አግዳሚው ላይ ነበር የሚያደርሱት። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ አጠገባቸው በአንድ ጆሮዬ ማዳመጫ ሰክቼ እቀመጣለሁ፤ ሌላው ጆሮዬ ስማችን ሲጠራ እንዲሰማ ክፍት ነው። ያን ሰሞን ደጋግሜ የምሰማው አንድ ዘፈን ነበር፤ ዩቱ የሚባለው የአየርላንድ ሮክ ባንድ “40”።

ከዚህ ዘፈን ጋር የተዋወቅነው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው፤ በ1987 ዓ.ም.፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ። ትንሹ አጎቴ ከጓደኛው ተውሶ በባለ 90 ደቂቃ ካሴት በአንዱ ገጽ ገለበጠው። ሙሉ አልበሙ አርባ ሁለት ደቂቃ ነው፤ አንድ ገጽ አርባ አምስት ይይዛል፤ ልክ ይበቃ ነበር። አጎቴ ግን ከፊቱ አንድ የሌላ ሰው ዘፈን አስገብቶበት ስለነበር የመጨረሻው ዘፈን መጨረሻው አልገባም። ዘፋኙ “እስከ መቼ፣ እስከ መቼ” እያለ ሳለ ቴፑ ቷ ብሎ ይቆማል። ለዓመታት ዘፈኑ የሚያልቀው እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ሰው ይጠይቃል፣ ቁልፉ ይዘላል፣ ክፍሉ ጭጭ ይላል። እስኪርቢቶ ሰክቼ እያሽከረከርሁ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፤ የቴፑ ባትሪ እንዳያልቅ። ደግሞ ያችው ቦታ ላይ ቷ።

ስለ ዩቱና ስለ ኢትዮጵያ ሲነሣ አብዛኛው ሰው ወደ ሌላ ዘፈን ነው የሚሄደው፤ መንገዶቹ ስም ስለሌላቸው አገር ወደሚናገረው። ምክንያት አለው። የባንዱ ድምፃዊ ቦኖ እ.ኤ.አ. በ1985፣ በእኛ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት፣ ከባለቤቱ ከአሊ ጋር ወሎ አጅባር መጠለያ ውስጥ ለሳምንታት ሠርቷል። አንድ አባት ልጁን “ካንተ ጋር ከሄደ ይተርፍልኛል” ብሎ ሊሰጠው እንደሞከረ በተደጋጋሚ ተናግሯል። የዚያ ዘፈን የመጀመሪያ ስንኞችም የተጫሩት እዚሁ አገር ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ነገሩ ትንሽ ያስቃል፤ መንገዶቻችን ስም አጥተው አያውቁም፤ ታፔላው ላይ ያለውን ስም የሚጠራው ጠፋ እንጂ። “ከሲኒማ ኢትዮጵያ ወረድ ብለህ” ይበቃናል። ለማንኛውም የኔ ዘፈን እሱ አይደለም። የኔው ከአጅባር ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ ስለ እኛ ምንም በማያውቁበት ጊዜ የተሠራው ነው። በዚያኛው ውስጥ አገሬን ለምኜ ነው የማገኛት፤ በዚህኛው ግን ሳልፈልጋት መጣች።

ዘፈኑ የተወለደው በችኮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ የወጣው “ዋር” የተሰኘው ሦስተኛ አልበማቸው ደብሊን ውስጥ፣ ዊንድሚል ሌን ስቱዲዮ፣ በስቲቭ ሊሊዋይት አዘጋጅነት ሲቀረጽ ጊዜው አልቆ ነበር። ጠዋት ስቱዲዮውን ለሌላ ባንድ ማስረከብ አለባቸው፤ የመዝጊያ ዘፈን ደግሞ የላቸውም። ቤዝ ተጫዋቹ አዳም ክሌይተን ወደ ቤቱ ሄዷል። ስለዚህ ጊታሪስቱ ዘ ኤጅ ቤዙን ራሱ አነሣ። ግጥም የለም፤ ቦኖ መጽሐፍ ቅዱስ ገለጠና አርባኛውን መዝሙር አገኘ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁጥሮች ወስዶ አዜማቸው። አዝማቹን ግን ከሌላ ቦታ አመጣው። “እስከ መቼ” የሚለው የስድስተኛው መዝሙር ጩኸት ነው። ቦኖ ሲያጫውት፣ አሥር ደቂቃ ጻፍነው፣ አሥር ደቂቃ ቀረጽነው፣ አሥር ደቂቃ አቀናበርነው፣ አሥር ደቂቃ መልሰን ሰማነው፤ አርባ የተባለው ግን በዚህ አይደለም ይላል።

ይህን ሁሉ ከማክሰኞዎቹ በፊት አውቀው ነበር። በንባብ የሚገኝ ነገር ነው። ዘፈኑን ግን አላውቀውም ነበር።

ከመጋቢት ማክሰኞዎች በአንዱ፣ ኃላፊዋ ሊመጡ ነው ተብሎ ኮሪደሩ ሞልቶ ሳለ፣ አባባ ዳዊታቸውን በጣታቸው ይዘው ወደኔ ዞሩ።

“ምንድን ነው ሁልጊዜ የምትሰማው?”

አንዱን ማዳመጫ ጠርጌ ሰጠኋቸው። ጆሮአቸው ውስጥ ማስገባቱ ጊዜ ወሰደ፤ ፀጉራም ጆሮ ናቸው። ዘፈኑን ከመጀመሪያው አስጀመርሁት። ቤዙ ገባ። ይህን ዘፈን የሚመራው ቤዙ ነው፤ ጊታሩ ከላይ ከላይ ነው የሚያንጠባጥበው። አባባ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣

“በገና መሰለኝ” አሉ። “እንዚራው ወልቆበት ነው እንጂ።”

በገና አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ይህ አነጋገር ይገባዋል። የበገናን ድምፅ ንብ የሚያስመስለው፣ ያ ውስጥ ውስጡን የሚያንዘፈዝፈው ዝዝታ፣ በእያንዳንዱ አውታር ሥር ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው የሚመጣው፤ እንዚራ ከምትባለው። አባባ የአለሙ አጋን በገና ሲሰሙ ሬዲዮውን አትንኩ የሚሉ ሰው ናቸው። ከደብሊን የመጣ ኤሌክትሪክ ቤዝ ወደዚያ ያስጠጉታል ብዬ አላሰብሁም።

“ምን ይላል ሰውዬው?”

“እግዚአብሔርን በትዕግሥት ጠበቅሁት ነው የሚለው። ዳዊት እኮ ነው አባባ።”

“የትኛው?”

“አርባኛው።”

ዳዊቱን ገለጡ። አርባኛውን አገኙና “ብፁዕ ዘይሌቡ ላዕለ ነዳይ ወምስኪን” ብለው ጀመሩ፤ ለድኻና ለምስኪን የሚያስብ ብፁዕ ነው፤ እና ቀና ብለው አዩኝ። “ይኸ ነው?”

አይደለም። ግራ ገባኝ። እሳቸው ግን ወዲያው አንድ መዝሙር ወደ ኋላ መለስ አሉና ሣቅ አሉ። “ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ፈረንጆቹ በአንድ ይቀድሙናል።” የእኛ ዳዊት እንደ ሰባው ሊቃናት ትርጉም ዘጠነኛውንና አሥረኛውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በአንድ ያንሳል። እነ ቦኖ አዲስ አበባ ተወልደው ቢሆን የዘፈኑ ስም “39” ይሆን ነበር።

ከዚያ ያሉት ነው እስከ ዛሬ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው።

“ጠበቅሁት አይደለም እኮ። ደጅ ጠናሁት ነው።”

ቤት ስገባ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ አየሁ። እውነታቸውን ነው፤ “ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት” ይላል። ግእዙ “ጸናሕክዎ” ነው፤ ቆየሁት፣ ጠበቅሁት። ጸናሕክዎና ጠናሁት በጆሮ ይጎራበታሉ። እንግሊዝኛው ታጋሽነትን ነው የሚያነሣው፤ እዚያ ላይ አንድ ረጋ ያለ ሰው ይታየኛል፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ። ይህንን ዘፈን ለሃያ ምናምን ዓመት የሰማሁት በዚያ ሰውዬ ነበር፤ ለዚህም ይሆናል አዝማቹ ከስንኙ ጋር የማይገጥምልኝ። ታግሦ የጠበቀ ሰው ምን ሆኖ ነው እስከ መቼ ብሎ የሚጮኸው?

ደጅ ጠኚ ግን ሌላ ሰው ነው። ደጅ የሚጠናው በአካል ነው። ቤቱ ተቀምጦ ደጅ የጠና የለም። የአባባ አያት በርስት ክርክር ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ግቢ በር ላይ ሦስት ክረምት እንዳሳለፉ በቤታችን ይተረካል። በጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ይቆማሉ፤ አጋፋሪው ይገፋቸዋል፤ ነገም እዚያው ናቸው። ለመታየት ነው የሚቆሙት። ጌታው በበቅሎ ሲያልፍ ፊታቸውን እንዲለምደው። ስንቅ ሲያልቅ ዘመድ ቤት ያድራሉ፣ ዘመድ ሲሰለች ሌላ ዘመድ ይፈልጋሉ። ደጅ ጥናት ውስጥ ትዕግሥት አለ፤ ግን እፍረትም አለ፣ ቁጣም አለ፣ ተስፋ መቁረጥም አለ፣ የማይነቀል ዓይን አውጣነትም አለ። ይኸን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ቃል አጠገቤ ሳለ ነው “በትዕግሥት ጠበቅሁት” ብዬ የተረጎምሁት፤ ከአርትዖት የምበላ ሰው!

ቀጥሎ ያለው ደግሞ “ዘንበል አለልኝ” ነው። እግዚአብሔር ዘንበል አለ። አባባ ልጅ ሳሉ ጊዮርጊስ በር ላይ ያዩትን ነገሩኝ፤ የንጉሡ መኪና ዝግ ስትል አንዲት ሴትዮ አቤቱታዋን በእጇ ከፍ አድርጋ “ጃንሆይ፣ አቤት!” እያለች ስትሮጥ፣ እሳቸውም በመስኮቱ ዘንበል ሲሉ። ወረቀቱን ተቀበሏት፣ አልተቀበሏት፣ አባባ አያስታውሱም። የሚያስታውሱት ዘንበል ማለታቸውን ነው።

አቤት፣ አቤቱ፣ አቤቱታ። ሦስቱን ቃላት በዚያ አግዳሚ ላይ ነው አንድ ላይ ያየኋቸው። ዳዊት በአማርኛ አምላኩን የሚጠራው “አቤቱ” እያለ ነው። በበሩ ሲያልፉ ንጉሡን የሚጠሩት “አቤት” ብለው ነው። በፕላስቲክ ማኅደር ይዤ የምዞረው ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት፣ ከላይ በግራ ቀኑ፣ ከታች የአባባ ፊርማ ያለበት፣ አቤቱታ ይባላል። ቦኖ ከስድስተኛው መዝሙር የወሰዳት ጥያቄ በግእዙ “እስከ ማእዜኑ” ነች፤ ስድስተኛው መዝሙር በፈረንጆቹም በእኛም ስድስት ነው፣ እዚያ ላይ አንጣላም።

ቦኖ እ.ኤ.አ. በ1999 ለመዝሙረ ዳዊት በተለየ ቅጽ መግቢያ ጽፎ ነበር። እዚያ ላይ ስለዚህ ዘፈን ሲያወሳ፣ ያቺ ጥያቄ የማይታየውን አምላክ የልብስ ጫፍ ይዞ እንደ መጎተት ናት ይላል፤ ብዙዎቹን መዝሙሮች ብሉዝ ነው የሚላቸው፤ ሰው አምላኩ ላይ ሲጮህ። ያንን ጽሑፍ ቀድሞ ሳነበው ጥሩ አባባል ብዬ አልፌው ነበር። ሰውዬው ግን የሚናገረው ስለሚያውቀው ደጅ ነው። እናቱ አይሪስ የሞተችው በአሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ የገዛ አባቷ ቀብር ላይ ወድቃ፣ ከቀናት በኋላ። እሷ ፕሮቴስታንት፣ አባቱ ካቶሊክ፤ አየርላንድ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደነበረ ማስረዳት አያስፈልግም። ይኸው “ዋር” አልበም የሚከፈተው እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1972 ደሪ ከተማ ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው በዕለቱ 13 ሰው በገደሉበት እሑድ በተሰየመ ዘፈን ነው። እዚያም ላይ “እስከ መቼ” አለ። በጥያቄው ከፍተው በጥያቄው ዘጉት፤ መክፈቻው ላይ ለሰው ነው የሚጮኸው፣ መዝጊያው ላይ ለእግዚአብሔር።

ወደ አግዳሚው ልመለስ። ከአባባ ቀጥሎ የተቀመጡ ነጠላ ያጣፉ እናት ሁሉን ሲሰሙ ኖሮ ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ።

“ልጄ፣ መዝሙር ነው ዘፈን?”

የአዲስ አበባ ሰው በሙሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። በእኛ ዘንድ ወይ ይሄ ነው ወይ ያ፤ መሀል የለም። ሠርግ ላይ ጭቅጭቅ ታስነሣለች፣ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ታስቀይራለች። የዘፈኑን ዙፋን ትቶ ወደ መዝሙር የሄደ ድምፃዊ ታሪክ በየጊዜው አለን፤ ሙሉቀን መለሰን የሚያህል ድምፅ እንኳ ሲሄድ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ጥሎ ነው የሄደው፤ ወላጆቻችን ሲያወሩት ግማሹ እሰየው ይላል ግማሹ ያለቅሳል። እነዚያ አይሪሾችም ከዚህች ጥያቄ አላመለጡም። ከአራቱ ሦስቱ፣ ቦኖ፣ ኤጅና ከበሮ መቺው ላሪ መለን፣ ደብሊን ውስጥ “ሻሎም” የሚባል የጸሎት ኅብረት አባላት ነበሩ። ሮክና እምነት አብረው አይሄዱም፣ ምረጡ ሲሏቸው ባንዱን ሊያፈርሱት ደርሰው ነበር፤ ከ“ዋር” በፊት ባለው አልበም ዘመን። ባንዱን መረጡ። በቀጣዩ አልበም መጨረሻ ላይ ደግሞ መዝሙረ ዳዊት አስገቡበት። እልህ ይሁን ናፍቆት አልፈርድም። ለኔ ሁለቱም ይሰሙኛል።

ለእናትየዋ ምን እንደምመልስ ሳስብ አባባ ቀደሙኝ።

“ቃሉ የዳዊት ነው እመቤቴ። ልብሱ ነው የተለወጠ።”

“ልብስማ…” አሉ እናትየዋ፤ ልብስ ቀላል ነገር እንዳልሆነ በሚገልጽ አነጋገር። ክርክሩ እዚያ ላይ ቀረ። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚህ ነገር ከእናትየዋ ጋር ብዙ አልራራቅም። ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ይህንን ዘፈን ቢከፍቱብኝ ይከብደኛል። ኮሪደሩ ላይ ግን ከበደኝ ማለት አልችልም፤ ከእሱ የተሻለ ቦታው የት እንደሆነም አላውቅም።

ያን ቀን ኃላፊዋ አልመጡም። ደረጃውን ስንወርድ ለረዥም ጊዜ የከነከነኝን ነገር ለአባባ አነሣሁላቸው። ስንኞቹ ሁሉ ያለቀ ነገር ነው የሚናገሩት፤ ሰማኝ፣ ከጉድጓድ አወጣኝ፣ ከረግረግ ጭቃ አወጣኝ፣ እግሮቼን በድንጋይ ላይ አቆማቸው፣ አዲስ ዝማሬ በአፌ ጨመረ። ጉዳዩ ተፈጽሟል። ታዲያ አዝማቹ ምን ቤት ነው? የወጣ ሰው እስከ መቼ ይላል? ሰውዬው ግጥም ሲያጣ ከሌላ መዝሙር ቀንጭቦ ለጠፈው እንጂ አይገጥምም አልኋቸው።

አባባ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሙ። ትንፋሽ ለመሰብሰብ መስሎኝ ነበር። ዳዊቱን ደግመው ገለጡና የዚያኑ መዝሙር የመጨረሻ መስመር በጥፍራቸው አሳዩኝ። አትዘግይ ነው የሚለው። አምላኬ ሆይ፣ አትዘግይ።

ለካ መዝሙሩ ራሱ እንዲያ ነው። የመጀመሪያው እኩሌታ ምስጋና ነው፤ ከመሀል በኋላ ደግሞ ያው ሰውዬ ተመልሶ ደጅ ላይ ቆሟል። ክፉ ነገር ከብቦኛል፣ ለመርዳት ፍጠን፣ ድኻ ነኝ፣ አትዘግይ። አንዴ የወጣበት ጉድጓድ የመጨረሻው አልነበረም። ቦኖ ያንን እኩሌታ አልዘፈነውም፤ በሦስተኛው ቁጥር ላይ አቁሟል። ግን ከስድስተኛው መዝሙር ያመጣት ጥያቄ የተወውን እኩሌታ ሥራ ትሠራለች። አውቆ ይሁን ደርሶበት፣ በዚያ ሌሊት ስቱዲዮው ሊዘጋበት ሲል፣ ለኔ ልዩነት የለውም። “ጉዳዩ ያለቀለት ደጅ ጠኚ አይቼ አላውቅም” አሉ አባባ፣ ደረጃውን እየወረዱ። “አያቴ ርስቱን አስፈርደው በዓመቱ በውኃ መውረጃው ተመልሰው መጡ።”

በዚያው ሰሞን የዘፈኑን መጨረሻ አየሁት። ካሴቱ የነፈገኝን። ቀድሞም በኢንተርኔት ይገኝ ነበር፤ እንደው ሳልፈልገው ኖሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኮንሰርቶቻቸው የሚዘጉት በዚህ ዘፈን ነበር። መድረክ ላይ አዳም ጊታሩን ይይዛል፣ ኤጅ ቤዙን፤ የዚያች ሌሊት አጋጣሚ ሥርዓት ሆኖ ቀርቷል። ሕዝቡ “እስከ መቼ” የሚለውን ከያዘ በኋላ ቦኖ ማይኩን አስቀምጦ ይወጣል። ቀጥሎ አዳም። ቀጥሎ ኤጅ። ላሪ ብቻውን ከበሮውን እየመታ ይቆይና እሱም በትሩን አስቀምጦ ይሄዳል። መብራት ይበራል። ሕዝቡ ግን አያቆምም፤ በበሩ እየወጣ፣ ወደ መንገዱ እየፈሰሰ፣ ባዶ መድረክ ጀርባው ላይ ትቶ ይዘምራል።

የጊዮርጊስን ማኅሌት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ሌላ ነገር ይመጣበታል። ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያና ጸናጽል ሲሰማ አድሮ ቅዳሴው ሲያበቃ ወጥቶ ወደ ፒያሳ ሲያዘግም፣ ነጠላ ያደረጉት ሁለት ሦስት ሆነው የሌሊቱን ዜማ ሳያውቁት ሲያንጎራጉሩ። እኔ በልጅነቴ ከአባባ ኋላ ኋላ እየሄድሁ፣ ቦምቦሊኖ ይገዙልኛል ብዬ እየጠበቅሁ፣ ወገባቸው አካባቢ የምሰማው ማንጎራጎር ነበር። የት ይጀምራል የት ያበቃል አይታወቅም። ቷ ብሎ የሚዘል ቁልፍ አልነበረውም።

ፋይሉ በግንቦት ተገኘ። ከሦስቱም ሀዎች ዘንድ አልነበረም፤ አንድ የጥንት ጸሐፊ በአ ጽፎት ከአ መደርደሪያ ውስጥ ኖሯል። ያገኘችው ያችው “እርስዎ አይደሉም” ያለቻቸው ልጅ ነች፤ በምሳ ሰዓቷ፣ ማንም ሳያዛት። አቧራውን በእጇ እያራገፈች መጣች። “አባቴ፣ እርስዎ ኖት!” አለች። አባባ ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት። ሲነሡ ወንበሩ ዘመም አለ፤ ጎንበስ ብለው ካርቶኑን መለሱና ነው ፊርማ ወዳለበት ክፍል የገቡት። ከተቆረጠው ስድስት ዓመት አራቱ ተቆጠረላቸው። ሁለቱ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል ተባለ። ለሁለቱ ሌላ አቤቱታ ጻፍን፤ እሱን አሁን አልተርክም።

በ2016 ዓ.ም. አሮጌው ፒያሳ አብዛኛው ሲፈርስ የዶሮ ማነቂያው ቤታችንም ሄደ። ካሴቱ በዚያ ግርግር ጠፋ፤ ወይ ከሣጥን ጋር ተጥሎ ይሆናል። አባባ አሁን ከእኅቴ ጋር ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት፤ አራተኛ ፎቅ፤ ደረጃው ይከብዳቸዋል፣ ጊዮርጊስም ሩቅ ሆኖባቸዋል። ስልክ ማውራት አይወዱም። ሚስኮል ማድረግ ግን ተምረዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ አራተኛው ንጉሥ ሊያልቅ አንድ መዝሙር ሲቀረው፣ አንድ ጊዜ አስጠርተው ይዘጋሉ። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ነኝ ማለታቸው ነው። እኔም ማዳመጫዬን ሰክቼ አርባን እከፍታለሁ። ተነጋግረንበት አናውቅም።

የዛሬው ማክሰኞ ዝናብ ነበር። አራት ኪሎ ታክሲ ወረፋ ላይ ነበርሁ፣ ከፊቴ ሠላሳ ሰው ገደማ፣ ጃንጥላ የያዘው ያልያዘውን እያንጠባጠበበት። አንድ ሰዓት ከሃያ ሆነ፤ ከወትሮው ዘገዩብኝ። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ በእጄ ያዝሁት። አንድ ሚኒባስ መጣ፣ አሥራ ሁለት ሰው ጫነ፣ ወረፋው ተንቀሳቀሰ። አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል አንዴ ጠራና ጠፋ።